አያ ጅቦ ለነገ ያሳደራት ቁርስ

አንድ ጊዜ፣ በጥር ወር፣ ጥንብ አንሳ አያ ጅቦን መከታተል ጀመረ።

መጀመሪያ ጅቦ ነገሬም አላለው። አሞራ እንደሆነ የትም ያርፋል። ይኼኛው ግን ቦታ መርጦ ነበር የተቀመጠው፤ ከጅቦ ዋሻ ፊት ለፊት፣ ደረቅ ግራር ላይ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ። ጠዋት ጅቦ ዓይኑን ሲገልጥ እዚያ ነው። ቀትር ላይ ጎኑን ሲቀይር እዚያው ነው። በዐሥረኛው ቀን የጅቦ ትዕግሥት አለቀ።

«ሰውዬ፣ የጠፋብህ ዕቃ አለ?» አለው።

ጥንብ አንሳ አንገቱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሳ። ሥራው መጠበቅ ስለሆነ ከማንም ጋር አይጣላም። «የለም ጌታዬ። እንዴት አደሩ? ትንፋሽዎ እንዴት ነው?»

«ትንፋሼ ምን አገባህ?»

«እንዲያው ለጤናዎ ብዬ ነው። ትናንት ከወንዙ እስከ በርዎ ሲመጡ አራት ጊዜ አረፉ። ባለፈው ሳምንት ሦስት ጊዜ ነበር። ሲተኙ ደግሞ አንዳንዴ ትንፋሽዎ ቆም ይላል፤ እኔ ክንፌን ስዘረጋ መልሶ ይቀጥላል።»

ጅቦ ደረቱን በመዳፉ ዳሰሰ።

«በዚህ አያያዝዎ መስከረም ሲጠባ የሚያዩ አይመስለኝም» አለ ጥንብ አንሳ በትሕትና። «ግን አይቸኩሉ። እኔ ሌላ ቀጠሮ የለኝም።»

አሞራው አልዋሸም። አያ ጅቦ ዱሮ ሦስት ወንዝ ተሻግሮ አድኖ የሚመለስ ጅብ ነበር። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን የመንደሩ ሰዎች የሞተ ከብታቸውን ከዋሻው አጠገብ ካለው ፈፋ መጣል ጀመሩ። በቃ፣ ምግብ በር ድረስ መጣለት። ጅቦም በሳምንት አንዴ ከዋሻው ይወጣል፣ እስኪወጠር ይበላል፣ አጥንቱን ቆረጣጥሞ ይውጣል፣ ተመልሶ ይተኛል። ሆዱ ከእሱ ቀድሞ ከዋሻው የሚወጣበት ደረጃ ደርሷል። የፊት ጉልበቶቹ ሲነሳ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ሲጢጥ ይላሉ።

አሁን ግን ደነገጠ። መሞትን ፈርቶ ብቻ አይደለም። ስንት ዓመት ከጥንብ አንሳ ጋር አንድ ሬሳ ላይ ተሻምቷል፤ አበላሉን ያውቀዋል። ከዓይን ነው የሚጀምረው።

ወዲያው እየተንፏቀቀ ወደ ቀበሮ ሄደ።

ቀበሮ ደላላ ነገር ነው። የራሱ ዕቃ የለውም፤ የሌላው ዕቃ ግን ሁሉ በእሱ በኩል ነው የሚያልፈው። ጅቦ ያየውን የሰማውን ሲነግረው ቀበሮ ጭራውን እያፍተለተለ አዳመጠ።

«አለቃ፣ ያንተ ችግር ቀላል ነው» አለው። «እስፖርት ነው የጎደለህ።»

«እሱ የት ይገኛል?»

«አይበላም አለቃ። መሮጥ ነው፤ ዳገት መውጣት፣ ላብ ማውጣት።»

ጅቦ ፊቱ ጠቆረ። «በየቀኑ?»

ቀበሮ ወደ ፈፋው ገልመጥ አለ። ትናንት የተጣለ አንድ ወይፈን እግሮቹን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ተጋድሟል። ከዚያም አንድ ሐሳብ መጣለት።

«አንተ እንዴት ነው የምትበላው?»

«ጥርግ አድርጌ።»

«የሳምንቱን ባንዴ፣ አይደል? ከዚያ ሰባት ቀን ተኝተህ ይዘልቅሃል። እስፖርትም ባንተ ሆድ ልክ ነው የሚሠራው። የዓመቱን ባንድ ቀን ጥርግ ታደርገዋለህ፤ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ትተኛለህ።»

የጅቦ ፊት በራ። በሕይወቱ እንደዚህ የገባው ነገር አልነበረም። «እውነትህን ነው። እስከዛሬ እንዴት አላሰብኩትም?»

«እንግዲህ ለማሰብ እኔ አለሁልህ። ሥጋውንም እስክትመለስ እኔ እጠብቅልሃለሁ፤ በወንድምነት።»

በማግሥቱ አያ ጅቦ የዓመቱን እስፖርት ሊሠራ ተነሳ።

ከዋሻው በላይ ልብ አውልቅ የሚባል ዳገት አለ። ከሥሩ ዋርካ፣ ከወገቡ ጥቁር ቋጥኝ፣ ከአናቱ ምንጭ። ጅቦ ዳገቱን እንደ በሬ ጎድን አየው፤ ከየት ቢጀምር እንደሚሻል አሰበ፤ ከዚያ ዘሎ ገባበት። ወደ ዋርካው ጥቂት ሮጠ። ተመለሰ። እንደገና ሮጠ። ሰባት ጊዜ ወጣ፣ ሰባት ጊዜ ወረደ። በስምንተኛው መሬቱ ራሱ ተነስቶ ፊቱን በጥፊ የመታው መሰለው። ምላሱ ከአፉ ወጥቶ አቧራ ላይ ተነጠፈ፤ መልሶ የሚሰበስብበት አቅም አጣ።

ሦስት ቀን አልተነሳም። እግሮቹ የሱ መሆናቸውን የሚያውቀው ስለሚያሙት ብቻ ነበር። በሁለተኛው ቀን ቀበሮ መጥቶ ከጎኑ ተቀመጠ። ሆዱ ነፋ ብሏል፤ ጢሙ ላይ ሞራ አለ።

«ወይፈኑስ?» አለ ጅቦ።

«ምን ልበልህ አለቃ፣ አይጥ ጨረሰው።»

«አይጥ? ወይፈን?»

«ብዙ ሆነው ነው የመጡት።»

ጅቦ አመነ። ብዙ ከሆኑ ምን ይደረጋል። ወዲያ ሲዞር ደግሞ ጥንብ አንሳ ከግራሩ ወርዶ፣ አራት እርምጃ ያህል እስኪቀረው ቀርቦ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

«እንዴት አደሩ ጌታዬ?» አለ። «እርስዎ ሳይደክሙ እኔ ልጠጋ ብዬ ነው።»

በሦስተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ ጅቦ የእግር ኮቴ ሰማ። ኮቴው አይቸኩልም፣ አይዘገይምም። ዓይኑን ከፈት ሲያደርግ አህዪት ናት።

አህዪትን አገሩ ሁሉ ያውቃታል። ዐሥራ ስምንት ዓመት ከአናቱ ምንጭ ለመንደሩ ውሃ ስታወርድ የኖረች ናት። መንደሩ ቦኖ ውሃ ሲገባለት ጌታዋ «ከእንግዲህ ዕረፊ» ብሎ ለቀቃት። ያን ቀን አብረዋት የተለቀቁት ሌሎቹ አህዮች ጥላ መርጠው ጋደም አሉ። እሷ ግን በነጋታው ማልዳ ከበረት ወጣችና ባዶ ጀርባዋን ይዛ ወደ ምንጩ መንገድ ጀመረች። ጭነቱን ከጀርባዋ አወረዱላት እንጂ መንገዱን ከእግሯ ማውረድ አልቻሉም። ይኸው ከዚያን ቀን ጀምሮ በየማለዳው ትወጣለች፤ ውሃ ትጠጣለች፤ ገበሬዎች ከነውሾቻቸው መንገዱን ሲሞሉት ተቀላቅላ ትወርዳለች። ጥላ ሥር ከተጋደሙት መካከል ዛሬ አንድም የለም። ጥንብ አንሳን ብትጠይቁት በስማቸው ያስታውሳቸዋል።

«እትዬ አህያ» አለ ጅቦ ከተጋደመበት፣ «ዕድሜሽ ስንት ነው?»

አህዪት ሳትቆም መለሰች። «ሃያ ስድስት።»

«ታዲያ ይኼን ዳገት እንዴት ትወጪዋለሽ?»

«ትናንት ስለወጣሁት።»

«ትናንትስ?»

«ከትናንት ወዲያ ስለወጣሁት» ብላ በጎኑ አለፈች።

ጅቦ ከኋላ አያት። ዳሌዋ ድቡልቡል ነው። ባቷ እንደ ገመድ የተገመደ ነው። አፉ ውሃ ሞላ። አሮጊት ናት፣ ብቻዋን ናት፣ ቀስ ብላ ነው የምትሄደው። ለእስፖርት ሳይሆን ለቁርስ ከሆነማ ሊነሳ ይችላል።

«አሞራ» አለ ወደ ድንጋዩ ዞሮ፣ «ነገ ቁርሴ እሷ ናት። አንተም ሌላ ቦታ ፈልግ።»

«እግዚአብሔር ይርዳዎት» አለ ጥንብ አንሳ።

በማግሥቱ ኮቴዋን ሲሰማ ተነሳ፤ እስኪቆም ግን አልፋው ነበር። ሃያ እርምጃ ተከተላት፤ ልቡ ጉሮሮው ውስጥ ገብታ መታች፤ ተቀመጠ። አህዪት ዞር ብላ አየችው፤ ጆሮዋን አራገፈችና ቀጠለች። ሳምንት አልፎ አርባ እርምጃ ደረሰ። በየካቲት መጨረሻ ዋርካው ሥር ደርሶ ጥላው ውስጥ ወደቀ። ግን ሞተ ብሎ የመጣው ጥንብ አንሳ ገና ሳያርፍ ጅቦ ቀና ብሎ «አልሞትኩም» አለው፤ ተመለሰ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ጅቦ ሳያውቀው አንድ ነገር ሆነ። ማታ እንቅልፉ ድብን ያለ ሆነ። ጉልበቶቹ ዝም አሉ። የሳምንቱን ባንዴ መብላት አቃተው፤ ለነገ ዳገት ሆድ ይከብዳልና። ይኼን ሁሉ ልብ የሚለው ግን ጥንብ አንሳ ብቻ ነበር።

«ዛሬ እስከ ቋጥኙ ሁለት ጊዜ ብቻ አረፉ» ይለዋል አንገቱን ደፍቶ፣ ዘመድ እንደሞተበት።

«ተዋት፣ ነገ እይዛታለሁ» ይላል ጅቦ። እሱ የሚቆጥረው በእሱና በዳሌዋ መካከል የቀረውን እርምጃ ብቻ ነው።

ቀበሮ ደግሞ ፈፋው አጠገብ ሰፍሯል። ጅቦ ለአህዪት ሲል ማልዶ ስለሚሄድ ፈፋው የቀበሮ ሆነ። ለመብላት ከመነሳት ብሎ ከብቱ ላይ ነው የሚተኛው። «ሂድ አለቃ፣ በርታ፤ እኔ እጠብቅልሃለሁ» እያለ ጅቦን ይሸኛል።

ከዚያ ፋሲካ ደረሰ። የበዓሉ ሰሞን መንደሩ ያረደውን አርዶ፣ የታመመውን ጥሎ፣ ፈፋው ጢም አለ። ጅቦ ሽታው ሲያውደው እግሩ ተያዘ። «ለአንድ ቀን» አለ። አንድ ቀን ሁለት ሆነ። ዐሥራ ሁለት ቀን ከቀበሮ ጋር ጎን ለጎን ተጋድሞ በላ። በየማለዳው ኮቴዋ ሲያልፍ ይሰማል፤ ጆሮውን ብቻ ያነሳል።

በዐሥራ ሦስተኛው ቀን ሲነቃ ጥንብ አንሳ ፈፋው አፍ ላይ ቆሟል። ቀረብ ብሏል፤ ጥላው ጅቦ ላይ ወድቋል።

«እንዴት አደሩ ጌታዬ?» አለ። ድምፁ ውስጥ ትንሽ ደስታ ነበረበት።

ጅቦ ተፈናጥሮ ተነሳና መንገዱን ያዘ። ከበዓሉ በፊት ቋጥኙን አልፎ ነበር። አሁን ዋርካው ጋ ሳይደርስ ትንፋሹ ተቆረጠ። ቁጭ ብሎ መሬቱን በጥርሱ ነከሰ።

«እትዬ» አለ እያለከለከ፣ «ያ ሁሉ የወጣሁት የት ሄደ? አይቆጠርልኝም?»

አህዪት በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመች፤ ከሩቅ ቢሆንም። «የበላኸው የት ሄደ?» አለችው።

«አለቀ።»

«ይኼም እንደዚያው ነው። ዳገት አይጠራቀምም፤ ዛሬ የወጣኸው ለነገ ብቻ ነው የሚበቃህ። ነገ ለከነገ ወዲያ።»

«መቼ ነው ታዲያ የሚያልቀው?»

«አሞራው ሲጠጋህ» ብላ መንገዷን ቀጠለች።

ጅቦ ጥቂት አሰበ። ማሰብ ስላልለመደ ከዳገቱ ይልቅ እሱ አደከመው። ግን በነጋታው ተነሳ። በበነጋታውም።

ግንቦት ሄደ፣ ሰኔ ገባ። ዝናቡ ሲጀምር መንገዱ ሁሉ ጭቃ ሆነ። አንድ ማለዳ ሰማዩ እንደ ተቀደደ ከረጢት ሲያፈስ ጅቦ ከዋሻው አንገቱን አውጥቶ ተመለከተ። «ዛሬስ አትመጣም» ብሎ ደስ ሊለው ሲል፣ ኮቴዋ ከማዶው መንገድ ጭቃውን ቿ፣ ቿ እያደረገ መጣ።

«እትዬ፣ በእናትሽ» አለ፣ «ለአንድ ቀን እንኳ ብትቀሪ እኔም እቀር ነበር።»

«አንተ ቅር። ማን ያዘህ?»

«አንቺ ከሄድሽ ቁርሴ ሄደ ማለት ነው።»

«ዛሬ ቀስ ብዬ ነው የምወጣው፤ ያዳልጣል» አለች። ቀስ ብላ ወጣች፤ እሱም ቀስ ብሎ እየተንሸራተተ ተከተላት። በሐምሌ ጭጋግ ዳሌዋን ማየት ሲያቅተው በኮቴዋ ድምፅ ይከተላት ነበር። በነሐሴ ከእሷ ጋር ያለው ርቀት አንድ የዋርካ ጥላ ያህል ቀረ። ጥንብ አንሳም ወደ ግራሩ ተመለሰ። ከዚያ ግራሩንም ተወ።

መስከረም ጠባ። አደይ አበባ ዳገቱን ቢጫ አልብሶታል። ጅቦ የዚያን ማለዳ ዋርካውን ሳያየው አለፈው። ቋጥኙ ላይ ከአህዪት ጥላ ጋር ተገናኘ። ምንጩ ጋ ሲደርሱ አንገት ለአንገት ነበሩ። አህዪት ለመጠጣት አላጎነበሰችም። የኋላ እግሯን ከመሬት በትንሹ አንስታ፣ ጆሮዎቿን ወደ ኋላ ጥላ ቆመች። 

ጅቦ አፉን ከፈተ። ዳሌዋ እዚያው ነው፤ ከጥር ጀምሮ ሲያልመው የኖረው ዳሌ። ከጥርሱ ምራቁ ተንጠባጠበ። ከዚያ ግን አፉን እንደከፈተ ቆሞ ቀረ።

«ምን ሆንክ?» አለች አህዪት።

«እያሰብኩ ነው።»

«ተጠንቀቅ፤ አንተን ይጎዳሃል።»

«እትዬ» አለ ጅቦ በቀስታ፣ «ዛሬ ብበላሽ ነገ ጠዋት ምን ተከትዬ ነው የምወጣው?»

አህዪት እግሯን አላወረደችም።

«አንቺን እበላለሁ» አለ፣ ሐሳቡን በጣቱ እንደሚቆጥር። «እጠግባለሁ። እተኛለሁ። ነገ ኮቴ አልሰማም። ኮቴ ካልሰማሁ አልነሳም። ካልተነሳሁ...» ወደ ሰማይ ቀና አለ፤ አሞራ የለም። ትንፋሹን አዳመጠ። እዚህ ሁሉ ወጥቶ ትንፋሹ እንደ ሕፃን ልጅ ነበር። «እንደምደርስብሽ ታውቂ ነበር?»

«ከሚያዝያ ጀምሮ።»

«ታዲያ መንገድ ለምን አልቀየርሽም?»

«እኔም ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው» አለች። «ከኋላዬ የሚያለከልክ ነገር ሲኖር ፈጠን እላለሁ። ያለፈውን ክረምት ሙሉ ጉልበቴን አልቆረጠመኝም። ደግሞም ሸሽቼ ብቀር በምን እንደምሞት አውቃለሁ፤ ጓደኞቼን አይቻለሁ።»

አያ ጅቦ በዕድሜው አጥንት እንኳ አሳድሮ አያውቅም። ዛሬ ግን አፉን ዘጋ።

«እንግዲያው ለነገ እደሪ» አለ።

«ነገም እንዲሁ በል» አለች አህዪት፤ እግሯን አወረደችና ጎንበስ ብላ ጠጣች። እሱም ትንሽ ራቅ ብሎ ጠጣ።

ሲወርድ ፈፋው አጠገብ ድምፅ ሰማ። ቀበሮ ከአንድ ላም ጎድን ላይ ተንጋልሎ ለመነሳት ይታገላል። ሆዱ አግዶታል። ትንፋሹ ፉጨት ሆኗል። ከራሱ በላይ፣ አራት እርምጃ ያህል ርቆ፣ ጥንብ አንሳ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

«አለቃ» አለ ቀበሮ፣ «ይኼ አሞራ ከትናንት ጀምሮ ዓይኑን ከኔ ላይ አልነቀለም። ምን ፈልጎ ነው?»

ጅቦ አንዴ ቀበሮን፣ አንዴ አሞራውን አየ። «ነገ ጎሕ ሲቀድ ዋርካው ሥር ና» አለው። «ከአህዪት ጋር እንወጣለን። መጀመሪያ ሃያ እርምጃ ብቻ ነው።»

«ነገ አይመቸኝም። ከሰኞ ጀምሬ እመጣለሁ።»

ጥንብ አንሳ አንገቱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሳ።

«አይቸኩሉ ጌታዬ» አለው ቀበሮን። «እኔ ሌላ ቀጠሮ የለኝም።»

ከዚህ የምንማረው ጤና ባንድ ቀን ጥርግ ተደርጎ ተበልቶ ዓመት የሚያጠግብ ሳይሆን፣ በየማለዳው በትንሽ በትንሹ ተነስተን የምንወጣው፣ ትተን በተኛን ቁጥርም ወደ ሥሩ የሚመልሰን ዳገት መሆኑን ነው።